ስድስት ክር ለለመደ እጅ ቤዝ እንዴት ይገባል?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ጊታር ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ባንድ የለኝም፣ መድረክም አልወጣም። ቀን ሥራ ውዬ ማታ ክፍሌ ገብቼ በላፕቶፕ የራሴን ዜማ እቀዳለሁ። ሲያልቅ ለጓደኞቼ በቴሌግራም እልካለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ችግሬ አንድ ነው። የምቀዳው ነገር ሁሉ ከሥሩ ባዶ ነው። ሁለት ጊታር እደርባለሁ፣ ድራሙን በፕሮግራም እሠራለሁ፣ እዘፍንበታለሁ። ግን ዘፈኑ መሬት አይረግጥም። ቤዙን በኪቦርድ ሞክሬዋለሁ፤ አልጣመኝም። ስለዚህ ቤዝ ጊታር ልገዛ ነው። ለቤት ቀረጻ ብቻ ለሚፈልገው ሰው ባለ አራት ክር ይሻላል ወይስ ባለ አምስት? አምፕ (ድምፅ ማጉያው) የግድ ያስፈልጋል? ጊታር የሚችል ሰው ቤዝ ለመልመድስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? እኔ አንድ ሳምንት የሚበቃኝ ይመስለኛል። ከስድስቱ ክር ሁለቱ ቀነሱ እንጂ ሌላ ምን ተለየ?

ይህን የጻፍኩት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። እስከ ነሐሴ ማለቂያ 34 መልስ መጣለት። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ከጥያቄው ርቆ ሄዷል፣ ሁለት ሦስቱ ደግሞ ፀብ ነው። ያው ጥያቄ በየጊዜው ስለሚነሳ ለሚቀጥለው ሰው እንዲመች በየቁጥሩ በራሴ ቃል አስቀምጬዋለሁ።

መልስ 1 ባለ አራት ክር ግዛ የሚል ነው። ምክንያቱንም በደንብ አስረድቷል። የቤዝ ክሮች ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው። የጊታር አራቱ ወፍራም ክሮችም እነዚሁ ናቸው፤ ቤዙ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖት በታችኛው እርከን) ዝቅ ይላል እንጂ የስም ለውጥ የለም። ስለዚህ የትኛው ኖት የት እንዳለ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። አምስተኛው ክር የሚጨምረው ከታች ያለውን ቢ ነው። እሱ 31 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የቤት ስፒከር ደግሞ እዚያ ድረስ አይወርድም። የማልሰማውን ነገር ልቀዳ ነው ማለት ነው።

መልስ 2 በትህትና አረመኝ። በሳምንት ውስጥ ኖቶቹን አገኛቸዋለሁ፣ በዚህ አልተከራከረም። ኖት ማግኘትና ቤዝ መጫወት ግን ለየቅል እንደሆኑ ነገረኝ። ከጊታር የመጣ ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል፣ ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር ይሞላል ብሎ ጻፈ። በወቅቱ አልገባኝም ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ከዚያ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው የኖርኩት ማለት እችላለሁ።

መልስ 3 ነገሩን አጋጋለው። ቤዝ መግዛት የገንዘብ ብክነት ነው አለ። ለቤት ቀረጻ ከሆነ ያለኝን ጊታር ቀድቼ በፕሮግራም አሥራ ሁለት ሰሚቶን፣ ማለትም አንድ ኦክታቭ፣ ማውረድ ይበቃኛል። ለጓደኛ በቴሌግራም ለሚላክ ዘፈን ማንም ልዩነቱን አይሰማም የሚል አቋም ነው ያለው።

መልስ 4 ይህንኑ ደገፈ፣ ግን በልምድ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲሠራ ቆይቷል። እኔም ቤዙ እስኪመጣ ምክሩን ተጠቅሜበታለሁና ልንገራችሁ። በአንገቱ በኩል ያለውን ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚይዘውን ክፍል) መምረጥ፣ ቶኑን መቀነስ፣ አንድ አንድ ኖት ብቻ መምታት። ሁለት ክር በአንድ ጊዜ ከተነካ ፕሮግራሙ ይደናበርና ድምፁ ይጎረብጣል። ኮርድ በጭራሽ። እንዲህም ሆኖ የኖቱ መነሻ ላይ፣ ጣት ክሩን የሚነካበት ቅጽበት ላይ፣ ድምፁ እንደሚሟሟ ራሱ አምኗል።

መልስ 5 እዚህ ላይ ተቆጣ። 3ኛውን ሰነፍ ብሎ ሰደበው። ስድቡ አያስፈልግም ነበር፣ የያዘው ነጥብ ግን እውነት ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር 1.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የቤዙ ኢ ክር 2.7 ይደርሳል። ከክሩ መቀመጫ እስከ አንገቱ ጫፍ ያለው የሚርገበገበው ርዝመት በጊታር 65 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በተለመደው ቤዝ 86 ነው። ያን ያህል ወፍራምና ረጅም ክር ሲመታ አነሳሱም አወዳደቁም ሌላ ነው። ጊታርን ዝቅ ማድረግ ከፍታውን እንጂ አካሉን አያመጣም።

መልስ 6 ነገሩን አበረደው። አጭር ታሪክ ነው ያመጣው። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር የመጀመሪያውን ፕረሲዥን ቤዝ ያወጣው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። ፕረሲዥን (ልክነት) የሚለው ስም የመጣው ከፍሬቱ፣ አንገቱ ላይ በመደዳ ከተተከሉት ብረቶች ነው። ቆሞ በሚመታው ትልቁ ቤዝ ላይ ትክክለኛውን ቦታ ጆሮ ነው የሚፈልገው፤ ፍሬት ካለ ግን ጣት ባረፈበት ኖቱ ልክ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ጊታር የሚችሉ ሰዎች ወደ ቤዝ መሻገር ቀለላቸው። ፖል ማካርትኒ ጊታሩን ትቶ ቤዝ የያዘው በ1961 ነው፣ ቤዝ ተጫዋቹ ስቱዋርት ሳትክሊፍ ከቢትልስ ሲወጣ። ካሮል ኬይም ጊታሪስት ነበረች። በ1963 አንድ ቀረጻ ላይ ቤዝ ተጫዋቹ ሲቀር እሷ ያዘችው፤ ከዚያ በኋላ በቤዝ ነው ስሟ የገነነው። ከጊታር መምጣት የሚያሳፍር ነገር አይደለም ለማለት ነው።

መልስ 7 የእኔው ነው። አመሰገንኩና ስለ አምፕ የጠየቅኩትን አስታወስኩ።

መልስ 8 ለእኔ ቤት የተጻፈ ያህል ነው። አምፕ አያስፈልግም አለ። ለጊታር የሚሆን ኢንስትሩመንት መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (መሣሪያውን ከላፕቶፑ የሚያገናኝ ዕቃ) ካለኝ ቤዙን ቀጥታ ሰክቼ መቅዳት እችላለሁ። በፕሮግራሙ ውስጥ በፈርን (ድምፁ ከማለፉ በፊት የሚጠራቀምበትን መጠን) 128 ላይ ካደረግኩት መዘግየቱ ወደ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል፣ እጅ አይሰማውም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው የገረመኝ። ይህ ሰው የሚኖረው እዚሁ ከተማ፣ ቤዛዊት በኩል ነው። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አኮስቲክ ጊታር በማይክ መቅዳት እንደማይቻል ያውቃል። ቀጥታ የተሰካ ቤዝ ግን ዝናብ አይሰማም።

ይህን እኔው በዓይኔ አየሁት። ቤዙ ከመጣ በኋላ በፍልሰታ ሰሞን አንድ ማታ ለመቅዳት ተቀመጥኩ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ውጭ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተይዞ ያጓራል። ከቤተ ክርስቲያን የሰዓታቱ ዜማ በድምፅ ማጉያ ይመጣል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ላፕቶፑን ዘግቼ እተኛ ነበር። ሄድፎን አደረግኩና ሦስት ደቂቃ ሙሉ ቀዳሁ። መልሼ ስሰማው ቤዝ ብቻ ነው ያለው። አንድ ጠብታ እንኳ የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም እጄን አጣጥፌ የምቀመጥበት ወቅት እንደዚያ ማታ ሲከፈትልኝ ደስታዬን አልደብቅም።

መልስ 9 ዝናብ ባይሰማም መብራት ይሰማል ብሎ አስጠነቀቀ። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። በቤዙ ኢ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ጂ 49 ኸርዝ ነው። የመብራቱ ጩኸትና ያ ኖት ጎን ለጎን ናቸው ማለት ነው። በጊታር ላይ ከሆነ ጩኸቱን ከታች ቆርጦ መጣል ይቻላል፤ በቤዝ ላይ እሱን ስትቆርጥ ኖቱንም ትቆርጣለህ። መፍትሔው ከምንጩ ነው። ስትቀዳ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለህ በባትሪ ሥራ፣ ከአምፖልና ከዲቫይደር ራቅ በል፣ ፊትህን አዙረህ ሞክር። ፊት ማዞሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወንበሬን ሩብ ዙር ሳዞረው ጩኸቱ በግማሽ ቀነሰ።

መልስ 10 የቻርጀሩን ኧርዝ ቆርጦ ሲጠቀም ጩኸቱ እንደጠፋለት ጻፈ።

መልስ 11 በውይይቱ ሁሉ ጠንካራው ቁጣ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ጸሐፊው ኤሌክትሪሺያን ነው። ኧርዝ የተቀመጠው ለድምፅ ሳይሆን ለነፍስ ነው አለ። ዕቃው ውስጥ ሽቦ ቢላቀቅ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ እሱ ብቻ ነው። መንገዱ ከተቆረጠ የሚወርደው ክሩን በያዘው እጅ ነው። እንዲያውም ብዙ ቤት ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ውስጡ ኧርዙ እንዳልተዘረጋ ጠቅሶ፣ ያልተዘረጋለት ሰው አስዘርጋ እንጂ ያለህን አትቁረጥ ብሎ ዘጋ። 10ኛው ጽሑፉን ማንሳት ይችል ነበር። አላነሳውም፣ ግን ከሥሩ ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ሰው እንዳይከተለው ጨመረበት። ይህን አከበርኩለት።

መልስ 12 ስለ ክፍል ነው። ክፍሌ አራት በአራት ነው። አራት ሜትር ርቀት ያላቸው ሁለት ግድግዳዎች 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎሉታል፤ ያ ደግሞ ከቤዙ ዝቅተኛ ኢ ብዙም አይርቅም። ክፍሉ እኩል ካሬ ሲሆን ሁለቱ ጥንድ ግድግዳዎች ይተባበራሉ። ጥግ ላይ ብቀመጥ ቤዙ ያጉረመርማል፣ መሃል ላይ ብቀመጥ ይጠፋል። ስለዚህ ክፍሉን አትመን፣ በሄድፎን ሥራ አለ። ሄጄ ሞከርኩት። አንዱን ኖት ደጋግሜ እያጫወትኩ ከጥግ ወደ መሃል ተራመድኩ። በስድስት እርምጃ ውስጥ ቤዙ ከጩኸት ወደ ምንም ሄደ።

መልስ 13 ከአንድ ትልቅ ሰው ነው የመጣው። በወጣትነታቸው በሆቴል ባንዶች ቤዝ ይጫወቱ ነበር። ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። ከዚህ በኋላ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የጻፍንላቸው።

ጋሼ ምን ልግዛ ለሚለው አልመለሱም። ይልቅ እሳቸው ጠየቁኝ። የምትመታው ኖት መቼ እንደሚጀምር ታውቃለህ፣ መቼ እንደሚያልቅስ? ጊታር ላይ ኖቱ ይደውልና በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ ሌላው ክር ይሸፍነዋል። ቤዝ ላይ ግን ያልቆመ ኖት ጭቃ ነው። የሚቀጥለውን ኖት ያጨቀየዋል፣ የድራሙን ኪክ (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) ይውጠዋል። እሳቸው እንዳሉት ቤዝ መማር ማለት ማስቆም መማር ነው።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጡኝ። አንድ የማውቀውን ዘፈን ልውሰድ። የእያንዳንዱን ኮርድ ሥር ኖት (ኮርዱ የሚጠራበትን) ብቻ ልምታ፣ በአንድ መለኪያ (ባር) አንድ ጊዜ። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይደውል። ሁለተኛ ግማሹ ላይ ይቁም። ሦስተኛ ወዲያው ተመትቶ ይቁም። ሦስቱንም ልቅዳና ላዳምጥ። ሌላ ምንም እንዳልጨምር አስጠነቀቁ።

ክሩን ማስቆም ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ አገኘሁት። የግራ ጣቴን ከፍሬቱ ሳነሳ ከክሩ ጭራሽ መለየት የለብኝም፤ ላላ አድርጌ እዚያው መተው ነው፣ ያኔ ድምፁ ይሞታል። ሙሉ በሙሉ ካነሳሁት ባዶው ክር ይጮሃል። ይህ ግን ግማሹ ነው። የኤን ክር ስመታ ማንም ያልነካው የኢ ክር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ የቀኝ አውራ ጣቴን የማሳርፍበትን ነገሩኝ። ኤን ስመታ አውራ ጣቴ ኢ ላይ ይተኛል። ወደ ዲ ስሻገር አውራ ጣቴ ወደ ኤ ይወርዳል፣ ጎኑ ደግሞ ኢን እንደነካ ይቆያል። አውራ ጣት የማይመታውን ክር ጠባቂ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጊታር ስመታ አውራ ጣቴን እንዲህ አስቤበት አላውቅም።

ሦስቱን ቀድቼ አዳመጥኩ። ኖቶቹ አንድ ናቸው፣ ፍጥነቱ አንድ ነው፣ ጊታሩና ድራሙም አልተነካም። ግን ሦስት የተለያየ ዘፈን ነው። የመጀመሪያው ይጎተታል። ሦስተኛው ይዘላል። ሁለተኛው ላይ ቤዙ ሲቆም ድራሙ ክፍተቷ ውስጥ ይገባል፣ እኔም ሳላውቀው እግሬ መሬት መምታት ጀመረ። መሬት አይረግጥም ያልኩት ዘፈን ነው። የጎደለው ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ጊታሬ በየቦታው ሲደውል የማያቆም ስለነበር ለሌላው ቦታ አልተወለትም።

መልስ 14 እስከ 18 በጣት ይመታ በፒክ (በጣት በምትያዘው ትንሽ መምቻ) የሚል ክርክር ነው። በአጭሩ ልለፈው። 14 ፒክ የሚይዝ ቤዝ ተጫዋች አይደለም አለ። 15 በ6ኛው መልስ የተነሳችው ካሮል ኬይ በፒክ እንደምትመታ አስታወሰው። 16 አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጀመርሰን በአንዲት ጠቋሚ ጣት ብቻ ያን ሁሉ ተጫውቷል፣ ጠፍጣፋ ጥቅል ያለውን ክሩንም አይቀይርም ነበር አለ። 17 ሁለቱንም ሰደበ። 18 ደግሞ ለጀማሪ የሚሆነውን ነገር ተናገረ። ፒክ ከጊታር የመጣችውን ችኮላ ይዞ ይመጣል፣ ስለዚህ ለመጀመሪያው ሦስት ወር በጣት፣ ከዚያ እንደ ዘፈኑ። ይህ ሚዛናዊ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። አመልካችና መሃል ጣቴ ጫፉ ላይ ውሃ ቋጥሮ እስኪደርቅ ግን አሥር ቀን ፈጅቷል።

መልስ 19 ነገሩን ወደ እኛ ሙዚቃ አመጣው፣ እኔም ይህን ስጠብቅ ነበር። ቺክቺካ ስድስት ስምንተኛ ነው፣ ግን ስድስት ብለህ ከቆጠርክ ትጠፋለህ፤ ሁለት ትላልቅ ምት አድርገህ ስማው አለ። ቀጥሎ ስለ ትዝታ አስጠነቀቀ። ትዝታ ከሲ ከተነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ኤፍና ቢ የሉም። ከጊታር የመጣ ሰው ከኢ ወደ ጂ ሲሄድ እግረ መንገዱን ኤፍን ይነካል፣ እጁ ለምዶበታል። ቤዝ ላይ ያቺ አንዲት ኤፍ ቅኝቱን ታፈርሰዋለች። በጊታር ላይ ሳትታወቅ የምታልፍ ስህተት ከታች ስትመጣ ሁሉም ሰው ይሰማታል።

መልስ 20 በጨዋነት አረመው። ያ ሜጀሩ ትዝታ ነው፣ ማይነሩ ትዝታ ኢውና ኤው ግማሽ ግማሽ ይወርዳሉ አለ። ደግሞም ብዙ አቀናባሪ በሜጀሩ ትዝታ ውስጥ የኤፍ ኮርድ ያስገባል፣ ዜማው ግን ኤፍን አይነካም። ስለዚህ ሕጉ ኤፍን አትንካ ሳይሆን፣ ኮርዱ ሲጠይቅህ ብቻ ንካ፣ መሸጋገሪያ አታድርጋት ነው። 19ኛው ተቀበለው።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ከቤዝ ጊታር ወጣ። መልስ 21 በክራር ቡድኖች ውስጥ ቤዝ ክራር እንዳለ አነሳ፤ ጊታር ከመግዛት ይልቅ እሱን ለምን አትለምድም አለ። መልስ 22 ከዚያም ወደ በገና ሄደ። ዝቅ ያለ፣ የሚርገበገብ ድምፅ ከፈለግህ አገርህ ውስጥ አለልህ አለ። አሥሩን ክር፣ በክሩና በመቀመጫው መሃል የሚገባውን እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ፣ ድምፁን የሚያነዝረው እሱ እንደሆነ ሁሉ አስረዳ። ዘጌ ደሴት ላይ በጾም ወቅት የሰማውን በገና ሲያስታውስ ጽሑፉ ያምራል።

መልስ 23 ዘጌ ደሴት እንዳልሆነች፣ ልሳነ ምድር እንደሆነችና በመኪናም እንደሚደረስባት አረመ። መልስ 24 ግን ጠንከር አለ። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፣ የሑዳዴ ነው፣ ለፍቅር ዘፈን ማሞቂያ እንዲሆን መምከር ነውር ነው አለ። 22 እንደዚያ ማለቱ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከረ፤ 25 ላይ ተመላለሱ። እኔ ገብቼ በገና በቀረጻዬ ውስጥ የማስገባት ሐሳብ እንደሌለኝ ጻፍኩ። እንደ እውነቱ ከሆነ 24ኛው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። በገና የሚሰማበት ቦታና ጊዜ አለው። ስለ ድምፁ የተጻፈው ግን ጠቅሞኛል፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ትንሽ መንዘር እንደሚያስፈልገው ከዚያ ነው የገባኝ። ይህ በኋላ 31 ላይ ተመልሶ መጣ።

መልስ 26 ቁጭት ነው። ኪቦርድ ቤዙን ከያዘ ወዲህ ዘፈኖቻችን ወገባቸው ተሰበረ አለ። የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን፣ የዋልያስ ባንዱን ቤዝ ተጫዋች አንስቶ፣ እነሱን አንድ ቀን ሙሉ ቤዙን ብቻ እየተከተልክ ስማ ብሎ አዘዘኝ። ሰማሁ። ድምፃዊው ሲዘፍን ቤዙ ይቆጠባል፣ ድምፃዊው ሲተነፍስ ይናገራል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማኋቸው ዘፈኖች ናቸው፣ ቤዛቸውን ግን የሰማሁት ገና አሁን ነው።

መልስ 27 ላይ ቤዙ እንደመጣ አሳወቅኩ። ባለ አራት ክር፣ ያገለገለ፣ አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ። ሲላክልኝ አንገቱ ጎብጦ ነበር። ክሮቹ ከመሃሉ ፍሬት ላይ በጣም ርቀዋል፣ መጫን ያማል። ለሱቁ ፎቶ ብልክለት የመንገድ ጉዳት ነው ብሎ ስልኩን ዘጋው።

መልስ 28 ሳይቸኩል አስተማረኝ። አንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ አለ። በአንድ እጅ የመጀመሪያውን ፍሬት፣ በሌላው የመጨረሻውን ተጫን። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሃል የአንድ ቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት ካለ ደህና ነው። የእኔ ሦስት ካርድ ያስገባል። ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ አስገብቶ ሩብ ዙር ብቻ ማጥበቅ፣ ቤዙን ቃኝቶ ማሳደር፣ ጠዋት እንደገና መለካት። ከጠነከረ አለማስገደድ። በሦስት ቀን ሦስት ሩብ ዙር አደረግኩ፣ ተስተካከለ።

መልስ 29 ጥፋቱ የጣና እርጥበት ነው አለ፤ ከሐይቁ ራቅ ወዳለ ቤት ካልገባህ አንገቱ አይቆምም። መልስ 30 ይህን አልተቀበለም። ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው፣ የሚለዋወጠው ወቅቱ ነው አለ። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ክሩ ይርቃል። ከጥር ጀምሮ ሲደርቅ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያኔ ክሩ ፍሬት እየነካ ይንጫረራል። በዓመት ሁለት ጊዜ ማስተካከል ነው፣ ቤት መቀየር አይደለም። ቤዙን መስኮት ሥር አለማስቀመጥና ከረጢቱ ውስጥ መተው በቂ ነው።

መልስ 31 የመጨረሻው ትልቅ ትምህርት ነው። ጓደኞቼ የሚሰሙኝ በስልክ ነው። የስልክ ስፒከር የቤዙን መሠረት ድምፅ፣ 41 ኸርዝም ሆነ 80፣ አያወጣም። ጆሮ ግን ብልህ ነው፤ ከላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ከሰማ የጎደለውን ሥር ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ቤዙ ላይ ጥቂት ዲስቶርሽን (ድምፁን ሻከር የሚያደርግ) ማድረግ፣ እንደ በገናው መንዘር ብሎ 22ን ጠቀሰ። ከጊታሮቹ ደግሞ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ፣ ያ ቦታ የቤዙ ነው። ሁለቱንም አደረግኩ። በስልኬ ስሰማው ቤዙ አለ።

መልስ 32 ላይ ቀረጻውን ሰቀልኩ። ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ በትዝታ ቅኝት፣ ቤዙ ሥር ኖትና ጥቂት ኦክታቭ ብቻ።

መልስ 33 የጋሼ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንድ ያልቆመ ኤ ሰምተዋል፣ ደቂቃውንና ሰከንዱን ጽፈው። ሄጄ አዳመጥኩ፣ እውነት ነው። አውራ ጣቴ ዘግይታ ነው የወረደችው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ አራት መለኪያ ሙሉ ቤዙን ዝም አሰኝተህ አስገባው፣ ከዚያ ላክልኝ አሉ።

መልስ 34 ከ3ኛው ሰው ነው፣ ቤዝ ብክነት ነው ካለው። ሦስት ጊዜ እንደሰማው ጻፈ። በጊታር አውርዶ የሠራውን የራሱን ቀረጻም አያይዞ ላከ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን እንድንሰማ። ጥሩ ሥራ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ኖቶቹ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ልዩነቱ ይሰማል፣ እሱም ይህንኑ ነው የጻፈው። እጁ ትንሽ ስለሆነ 86 ሴንቲሜትሩ ይከብደኝ ይሆን፣ 76ቱ አጭሩ ቤዝ ይሻለኝ ይሆን ብሎ ጠየቀ። የሚኖረው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፣ ገበያው አጠገብ። ቅዳሜ ከሰዓት ሽምብጥ መጥቶ በእኔው እንዲሞክረው ጻፍኩለት። እመጣለሁ ብሏል።